ከአባትሽ ሹራብ የተሠራ ጓንት

ዩክሴንጊ፣ ከቶርኔ ወንዝ ዳር
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለኢልማ፣

የእግዚአብሔር ሰላም በቤትሽ ይግባ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ወንድሜ አርቪ እስከ ኪሩና ነድቶ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አድርጌያለሁ። አጎትሽ ሲርበው ነገር ይፈልጋልና በቅድሚያ የሚበላ ስጪው። ደብዳቤውን ግን ለነገ እንዳታሳድሪው፤ አርብ ሳይደርስ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

እሁድ ስትደውዪ፣ አርብ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ፊት ቀርበሽ፣ መሣሪያዬን አበላሸ ብለሽ እጮኛሽ በነበረው በኒላስ ላይ እንደምትመሰክሪ ነገርሽኝ። ቢያባርሩት ደስ እንደሚልሽም አልደበቅሽኝም። እኔ እንደ ልማዴ "እህ" እያልኩ ሰማሁሽና ስልኩን ዘጋሁ።

ኒላስ ምንም አላደረገም፣ ልጄ። መሣሪያሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ቀስ ብለሽ አንብቢ። ባለፈው ኅዳር አንገቴ ላይ እብጠት አገኙና ካንሰር ነው አሉኝ። በታኅሣሥ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ጉንፋን ነው ያልኩሽ የድምፄ መጎርነን ከዚያ የመጣ ነው። በየካቲት ደግሞ ቢላዋ ያልደረሰበትን እንዲያቃጥል ብለው ጨረር ያለበት አዮዲን አስውጠውኝ ሦስት ቀን ብቻዬን ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ላቤ የነካው ሁሉ ጨረሩን ስለሚይዝ፣ ይዤ የገባሁትን ይዤ እንዳልወጣ ነርሷ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ መቼ አውቅበታለሁ? የአባትሽን ሰማያዊ ሹራብ ተርትሬ ክሩን ይዤ ገብቼ ስለነበር፣ በሦስቱ ቀን ላንቺ ጓንት ሠራሁ። ስወጣ ነርሷ ጓንቱን ጣይው አለችኝ። ያባትሽን ሹራብ ቆሻሻ ውስጥ? ካፖርቴ ሥር ደብቄው ወጣሁ። በማግስቱ አንቺ ዘንድ መጥቼ እጅሽ ላይ አጠለቅሁልሽ።

አንቺም ያ የምትሠሩበት አዳራሽ ይበርዳልና ጓንቱን አድርገሽ መሣሪያሽ አጠገብ ስትሠሪ ዋልሽ። ከስንት ሺህ ዓመት በፊት ከፈነዳ ኮከብ የሚመጣ ጨረር እንዲይዝ ሁለት ዓመት የደከምሽበት መሣሪያ፣ የእናትሽን ላብ ያዘ። የሞተ ኮከብ የምታይ ልጅ የእናቷን አንገት ሳታይ መቅረቷ! ይህን ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ አንገቴን እስከ አገጬ ሸፍኜ የመጣሁት እኔው ነኝ። አንቺን እንደማይጎዳሽ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ጓንቱም አሁን ንጹሕ ነው፣ አትፍሪው።

መሣሪያው ላይ ያየሽው ምልክት የሆስፒታል አዮዲን መሆኑን በአንድ ቀን ደረስሽበት። እውቀትሽ አልሳተም፤ የሳትሽው ሰውየውን ነው። ኒላስ ቅዳሜና እሁድ ሆስፒታል ወርዶ በሽተኛ እየገፋ ስለሚሠራ፣ በልብሱ ይዞት ገባ፣ ስጠይቀውም ይደብቀኛል አልሽ። የሁለት ዓመት ሥራችሁ፣ በግንቦት ተሸክሞት ወደ ሰማይ ከሚወጣው ከትልቁ ፊኛ፣ ከባሉኑ ላይ ከመውረድ ለጥቂት ተረፈ። አንቺም ኒላስን ከቡድኑ አስወጣሽው፤ ቀለበቱንም መለስሽለት።

ለምን ዝም አልሽ ትይኛለሽ። አባትሽ ሲታመም ትምህርትሽን ጥለሽ መጥተሽ ዓመት ከመንፈቅ አስታመምሽው። ከቀበርነው በኋላ ደብተርሽን መክፈት እንኳ አቅቶሽ መስኮት ስታዪ ትውይ ነበር። ያን ጊዜ፣ ይህች ልጅ ሁለተኛ የበሽተኛ አልጋ አጠገብ አትቀመጥም ብዬ ማልኩ። ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ ካንቺም አይብስ።

የከፋው ግን ገና ነው። ወደዚያ ክፍል የገባሁ ዕለት ባለጎማ ወንበሬን ሊገፋ የመጣው ኒላስ ነበር። ፊቴን ባዞርም፣ ባለፈው በጋ ጣሪያዬን ሲጠግን ሳምንት ሙሉ ያበላሁት ልጅ እንዴት ይስተኝ?

"ኢልማ ታውቃለች?" አለኝ።

"አታውቅም። አንተም አትነግራትም።"

"እንዲህ ያለ ነገር ደብቄያት ዓይኗን እንዴት አያለሁ?"

"በአባቷ ነፍስ ይዤሃለሁ። ባሉኑ እስኪነሳ ብቻ።"

ወንበሬን ገፋ። በሩ ጋ ስንደርስ "እሺ" አለ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ባለበት "አዮዲኑን ከየት አመጣኸው?" ብለሽ ስትጮኺበት፣ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር። ጓንቱንም ሳያየው አልቀረም። አንዲት ቃል ብትወጣው ይድን ነበር። አንቺ ደግሞ በስልክ "እማ፣ ጥፋተኛ ባይሆን እንዲህ ዝም ይል ነበር?" አልሽኝ። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ሰባት ሳምንት አፌን ዘጋሁ። የሰው ልጅ በእኔ ቃል ታስሮ ሲዋረድ እያየሁ ነው። አፈርኩ፣ ልጄ። ካንሰሩ እንኳ እንዲህ አላመመኝም።

ቀኑ የተጻፈበትን የሆስፒታል ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ለኮሚቴው ስጪ።

ስለ እኔ አትጨነቂ። ሁለተኛ ዙር መድኃኒት አያስፈልግም ብለውኛል፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እንጨቱን አርቪ ይፈልጥልኛል፣ ደረጃውንም አሁን ብዙ አልወጣውም። ባለፈው ሳምንት የመንደሩን የውርርድ ደብተር ይዞ መጥቶ፣ ዘንድሮ የወንዙ በረዶ የሚሰበረው በየትኛው ቀን ይመስልሻል አለኝ። በየዓመቱ ግንቦት 12 እንደምል፣ ሁለት ጊዜም እንዳሸነፍኩበት ታውቂያለሽ። ዘንድሮ የእኔን መስመር ለሌላ ሰው ስጠው ስለው ተቆጥቶኝ ሄደ።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ መጀመሪያ ወደ ኒላስ ሂጂ። ምክንያት አትደርድሪለት፣ በድዬሃለሁ በዪው። ይቅር ይልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔንም ይቅር እንዲለኝ ለምኚልኝ። ከዚያ እዚያው ሁኚና ሥራሽን ጨርሺ። ባሉኑ ሳይነሳ እንዳትመጪ።

የሠራሽው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይውረድልሽ። የአባትሽ አምላክ እጅሽን ያጽናልሽ፤ የሰበርነውንም ይጠግንልን።

እናትሽ ሄልቪ

ፖስታውን ካሸግኩት በኋላ ይህን ልጨምር መልሼ ቀደድኩት። አርቪ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ኒላስ ይቅር ካለሽ አብራችሁ ኑ፤ ባይልሽም አንቺ ነይ። ባሉኑን አትጠብቂ።