ለቅንድቤ የከፈልኩት ቀብድ

ዓርብ፣ ኅዳር 19 ቀን

ለፌንጣዬ፣ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ለማታውቀው የልጅ ልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ደረጃ ካላየ በቀር። አክስትሽም ደህና ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ እኔን መቆጣቷ የጤንነቷ ምልክት ነው ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል። አልነገረኝም፤ ግን ቢጠየቅ ይህንኑ ይል ነበር። በወረቀት የምጽፍልሽ ደግሞ በስልክ ላይ ወሬዬን ሳልጨርስ አክስትሽ ስለምትቀማኝ ነው። ወረቀት አይቀማም።

"ፈቃድ ከለከሉኝ፣ አልመጣም" ብለሽ የላክሽው መልእክት ማክሰኞ ከሰዓት ደርሶኛል። አክስትሽ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ በሁለተኛው ይለወጥ እንደሆነ ብዬ ነው ያስደገምኳት። አልተለወጠም። አልተቀየምኩሽም፤ ሥራ ሥራ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስለዚያ አይደለም። ይህ ደብዳቤ ስለ ቀብድ ነው። አያትሽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀብድ ተበልቷል፤ ይህን ደግሞ ከአክስትሽ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። እሷ እውነቱን ነው የምትነግርሽ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከአንቺ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል "አያቴ፣ ያ ቅንድብ ዓይንዎን ሊውጠው ነው እኮ!" ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ስልኩ ሲዘጋ መስታወት ፊት ቆምኩ። እውነትሽን ነው። አንዱ ቅንድቤ ወደ ግንባሬ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ጆሮዬ ይሄዳል፤ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ጆሮዬም ብትይ የራሱን ጢም አብቅሏል። የልጅ ልጄ ከስድስት ዓመት በኋላ ስትመጣ ይህን ፊት ተሸክሜ አውሮፕላን ማረፊያ ልቆም ነው? ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መላጨት። ስለዚህ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መካከል ያለችው የሴቶች የውበት ሳሎን ውስጥ ዘው ብዬ ገባሁ።

ባለሳሎኗ ወፈር ያለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምትሰካ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚነቃነቅ እንጂ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት።

"ምን እንታዘዝ አባባ? ሰው ፈልገው ነው?"

"ፊቴን ፈልጌ ነው" አልኳት። "ከቅንድቡ ሥር የሆነ ቦታ ነበረ።"

የፊት ጽዳት፣ ቅንድብ፣ የጆሮ ፀጉርና የእግር ጥፍር፤ "ሙሉ እንክብካቤ" ነው የሚሉት። ለሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠረችኝና የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ጠየቀችኝ። ከፈልኩ።

"ሠርግ አለብዎት እንዴ?" አለችኝ፣ መዝገቧ ላይ እየጻፈች።

"ከሠርግ ይበልጣል፤ የልጅ ልጄ ልትመጣ ነው።" ከዚያ ሳትጠይቀኝ ቁመትሽን በእጄ ለክቼ አሳየኋት። አሁን ሳስበው ስትሄጂ የነበረሽን ቁመት ነው የለካሁት፤ ጨምረሽ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ማክሰኞ መልእክትሽ መጣ፤ ረቡዕ ጠዋት ቀጠሮዬን ልሰርዝ፣ ቀብዴንም ላስመልስ ሄድኩ።

"ምን ሆነው ነው አባባ?"

"ሐኪም ከለከለኝ።"

"ምኑን?"

"ፊት መታጠቡን።"

"እንዲህ የሚል ሐኪም አላውቅም።"

"አዲስ ነው" አልኳት።

መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ በጣቷ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አበባውን ገፋ አድርጌ አነበብኩ፦ "ለቀጠሮው ከሁለት ቀን ያነሰ ሲቀረው ለሚሰርዝ ደንበኛ ቀብድ አይመለስም።"

ፌንጣዬ፣ እኔ አርባ ዓመት የቤትና የመኪና ደላላ የነበርኩ ሰው ነኝ። እጄ የገባ ቀብድ ተመልሶ ሲወጣ ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር። ሰው ሲምል፣ ሲያለቅስ፣ እናቱን አስከትሎ ሲለምነኝ፣ "ወንድሜ፣ ቀብድ የቃል ማሰሪያ ነው፤ የታሰረን ነገር እንባ አይፈታውም" እል ነበር። አሁን እኔ ቆሜ እለምናለሁ፣ እሷ ደግሞ የእኔን ፊት አድርጋ ትሰማኛለች።

"ልጄ፣ አበባ የጋረደው ሕግ ሕግ አይደለም።"

"አበባውን ውሃ የሚያጠጣ ሁሉ ያነበዋል።"

"እኔ አበባ ላጠጣ አልመጣሁም።"

"ለዚህ ነዋ ያላነበቡት።"

ካስኩ ሥር፣ ያ እንደ ድስት ራስ ላይ የሚደፋው የፀጉር ማድረቂያ ሥር፣ አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ተቀምጣለች። በዚያ ጩኸት ምንም አትሰማም ብዬ ነበር። ለካ አንድ ቃል አላመለጣትም።

"ግማሹን መልሺላቸው በቃ" አለች ጮክ ብላ።

"የግማሽ ግማሽ ምን ያደርግልኛል?" አልኳት።

"አንዱን ቅንድብ ያስተካክሉበታል።"

ይህን ጊዜ ደሜ ፈላ። ወደ ባለሳሎኗ ዞሬ፣ "ሕጉን ጎደሎ ነው የጻፍሽው!" አልኳት። "ቀብድ የሰጠ ሲያፈርስ ይቀርበታል፤ እሺ፣ ተቀብያለሁ። የተቀበለው ሲያፈርስስ? እጥፉን ይመልሳል! ይህ እኔም አንቺም ሳንወለድ የነበረ ደንብ ነው።" አንቺ አትደንግጪ፤ ቃሉን ያፈረሰ ሁሉ እጥፍ ይክፈል አላልኩም። ብል ኖሮ የሁለት ሳምንቱ ፈቃድሽ አራት ሳምንት ይሆን ነበር፤ ግን አላልኩም።

"ልክ ነዎት አባባ" አለች ባለሳሎኗ፣ ምንም ሳትቆጣ። "እኔ ግን አላፈረስኩም። ነገ ሦስት ሰዓት ወንበርዎ ይጠብቅዎታል።"

በዚያች ደቂቃ የድሮው ደላላ ከውስጤ ብድግ አለ። "እንግዲያው እመጣለሁ" አልኳት፤ "ሐኪሙ ሐሳቡን ለውጧል።" ቤት እስክደርስ ዕቅዴ አልቋል። ሐሙስ እሄዳለሁ፤ ሴትዮዋ "አባባ፣ በቃ፣ ይውጡልኝ!" እስክትል ድረስ አንገፈግፋታለሁ። ይውጡልኝ ካለች አፍራሿ እሷ ናት፤ አፍራሽ ደግሞ እጥፍ ይከፍላል። ለአክስትሽ ስነግራት "በዚህ ዕድሜዎ!" አለችኝ። በየትኛው ዕድሜ እንደሚፈቀድ ግን አልነገረችኝም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ራስ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው አኘኩ። ጫማዬን ያለ ካልሲ አድርጌ፣ መንገድ በሚቆፍሩበት በኩል ሆን ብዬ ዞርኩና ጭቃው ውስጥ እየተንቦጫረቅሁ ሄድኩ። ገብቼ እግሬን እፊቷ ዘረጋሁት።

አየችው። "ጎሽ" አለች፤ "ጭቃ ቆዳ ያለሰልሳል። ሌላው ሰው ከፍሎ ነው የሚቀባው።"

ጠጋ ብዬ በረጅሙ ተነፈስኩባት። ከመሳቢያዋ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አውጥታ አጠለቀችና፣ "ነጭ ሽንኩርት ለደም ግፊት ጥሩ ነው" አለች።

ውሃው ቀዘቀዘኝ አልኩ፤ ሙቅ ጨመረች። አቃጠለኝ አልኩ፤ አበረደችው። ወንበሩ ጎረበጠኝ አልኩ፤ ትራስ አመጣች። ሬዲዮው ራሴን አዞረኝ አልኩ፤ ዘጋችው። ጸጥታው ጨነቀኝ ብዬ እኔው መዝፈን ጀመርኩ። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ አልበላም ስትዪ አክስትሽ ማስፈራሪያ ታደርገው ነበር። መምህርቷ ዛሬም አለች፤ ጥፍር ልቀባ ነው የመጣሁት ትላለች፣ እኔ ግን ጉዱን ለማየት ይመስለኛል። ዘፈኑን ስጨርስ አጨበጨበችልኝ። "ይደገም!" አለች ደግሞ።

በመጨረሻ ወኔዬ አለቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አይሰለችሽም?"

"አባባ" አለች የእግሬን ጥፍር እየሞረደች፤ "ሃያ ዓመት ሙሽራ አስውቤያለሁ። የሙሽራ እናት የቻልኩ እርስዎ ያቅቱኛል?"

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። ክር አወጣች። ተራ የልብስ ክር ነው የሚመስለው። አንዱን ጫፍ አንገቷ ላይ አስራ፣ ሌላውን በጣቶቿ አጠላልፋ ጆሮዬ ላይ አንዴ ስታስኬደው፣ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጩኸቴን የሰማው ጫማ ሰፊ መዶሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰ።

"ማን ሊሞት ነው?"

"ማንም" አለች መምህርቷ። "እሳቸው ቀብድ እያስመለሱ ነው።"

ቅንድቤና ጆሮዬ ሲያልቁ ፊቴን በአረንጓዴ ጭቃ ለቀለቀችው። "ሲደርቅ ይጠነክራል" አለች። "ሃያ ደቂቃ መናገር ክልክል ነው። ከተናገሩ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ታጥቦ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።" ከክሩ ነው ወይስ ከጭቃው ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አልደፈርኩም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝም ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። ተኝቼ ሳለሁ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አክስትሽ ግን ያኔም ያወራሉ ትላለች።

እኔ ዝም ስል እነሱ ስለ እኔ ማውራት ጀመሩ፤ እዚያው ተቀምጬ፣ እንደ ዕቃ።

"ግን ለምን ነበር የሰረዙት?" አለች መምህርቷ።

"ሐኪም ነው ብለዋል።"

"ኧረ ሐኪም አይደለም።"

"አይደለም" አለች ባለሳሎኗ። "ቀጠሮ ሲይዙ ከሠርግ ይበልጣል ብለውኝ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ቁመት ሳይቀር በእጃቸው አሳይተውኛል።" ፎጣ እያጠፈች ቀጠለች። "ልጅቷ ቀርታባቸው ነው።"

መልስ መስጠት አልችልም፤ ክልክል ነው። አንዲት ቃል እንዳልተነፈስኩ ሁለት ምስክር አለኝ። ይሁን እንጂ ጭቃው ከዓይኔ ሥር ተሰነጠቀ፤ ያውም ረጥቦ። አጠገቤ ለፊት የሚሆን የእንፋሎት ማሽን ቆሞ ነበር፤ የእሱ ሥራ ነው። እንፋሎት መቼም ያገኘውን ማርጠብ ነው። ባለሳሎኗ አየችው። ከመጀመሪያው ግን አልጀመረችም። በጣቷ ጫፍ ትንሽ ጭቃ ወስዳ የተሰነጠቀውን ለሰነችልኝና ማሽኑን ወደዚያ ገፋችው። "ይህ ማሽን አስቸግሮናል" አለች። መምህርቷም "አዎ፣ እኔንም ያረጥበኛል" አለች። በኋላ ልብ ብዬ ሳይ ሶኬቱ ተነቅሏል። መቼ እንደነቀለችው አላየሁም።

ጭቃው ታጥቦ መስታወት ሲሰጠኝ፣ ፌንጣዬ፣ እንዳታምኚኝ እፈራለሁ፤ አያትሽ መልከ መልካም ሰው ነው። ቅንድቦቼ ታርቀዋል። ግንባሬ እንደታጠበ ሳህን ያበራል። የቀረውን ግማሽ ያለ አንዲት ቃል ከፈልኩ። አርባ ዓመት ያስለቀስኳቸው ሁሉ ይሳቁብኝ፤ ግን ተሸንፎ እንዲህ ያማረበት ሰው አይተው አያውቁም። አክስትሽ በሩን ስትከፍትልኝ "ምን ፈልገው ነው ጌታዬ?" አለችኝ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ፎቶ ላንሳዎትና ልላክላት ብላ ተነሳች። ከለከልኳት። በቪዲዮም ብትደውዪ ፊቴን አታዪም፤ ጣሪያውን ነው የማሳይሽ። ይህን ፊት በስልክ የሚያይ የለም።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩሽም። ከሳሎኑ ልወጣ ስል ባለሳሎኗ መዝገቧን ገለጠች።

"አባባ፣ ቅንድብ በወር ተኩል ተመልሶ ያድጋል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ልያዝልዎት?"

"ቀብድ አለው?"

"አለው።"

"አይመለስም?"

"አይመለስም።"

ከፈልኩ። ምን እንደነካኝ እኔም አላውቅም። ለአክስትሽ እንዳትነግሪብኝ።

"ለመቼ ልጻፈው?" አለች፣ እርሳሷን ይዛ።

ፌንጣዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ቀላል ጥያቄ አቅቶኝ አያውቅም። እሷ ትጠብቃለች፤ መምህርቷም ጥፍሯን ማራገቡን ትታ ታየኛለች። "የልጅ ልጅ መምጫ ብለሽ ያዢው" አልኳት፤ "ቀኑን ጠይቄ እነግርሻለሁ።" እንዳልኳት ጻፈችና ቀኑ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተወችው። ዛሬ ጠዋት በዚያ ሳልፍ በመስኮቱ አይታኝ መዝገቡን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ ምን ወሰናችሁ ማለቷ ነው።

እንግዲህ ሴትዮዋ ሥራ የሚበዛባት ሰው ናት፤ ባዶ መስመር ይዛ ስንት ቀን ትቀመጣለች? ከወር በኋላ ይሁን፣ ከዓመት በኋላ ይሁን ግድ የላትም፤ ቀኑን ብቻ ነው የምትፈልገው። አለቃሽን አነጋግሪና ጻፊልኝ። የምትጠይቅሽ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ምን ቸገረኝ።

በይ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። ብርድ ካለበት ብርዱ ይለፍሽ፤ ሰው ከሌለበት ሰው ይስጥሽ። የአለቃሽንም ልብ ፈጣሪ ያራራልሽ፤ እምቢ ካለ ስልክ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ ደላላና ደላላ ያልሆነ ሰው ሲነጋገሩ ማን እንደሚያሸንፍ ያየዋል።

አያትሽ፣
እስከ ወር ተኩል ድረስ መልከ መልካሙ