ስለ አባባ ዓይን የተጻፈችው መስመር

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? አባባስ እንዴት ነው፤ ግድግዳውን እየዳሰሰ ደጅ መውጣቱን አልተወም? ልጅሽስ በሠርጉ ሽር ጉድ ከስታ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ አባባ ከአጠገብሽ አይጠፋም፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ሹክሹክታ እንኳ አያመልጠውም።

እንደምታውቂው ሥራዬ የጥናቶችን መግለጫ መጻፍ ነው፤ ማን አጠናው፣ የት፣ ስለ ምን የሚለውን። አሁን መግለጫዎቹ በሙሉ በክፍት ፈቃድ ሊለቀቁ ነው። ማንም ሳይጠይቅ ይወስዳቸዋል፣ ይገለብጣቸዋል፣ ከሌላ ጋር ያገጣጥማቸዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ስፈትሽ ግን ልጆች ሳለን አባባን ሊመረምር ቤታችን ይመላለስ የነበረውን ሐኪም ጥናት አገኘሁ። ጥናቱ እንደተቆለፈ ነው፤ መግለጫው ግን የሰፈራችንን ስም ጠርቶ «በአንድ ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዓይን ሕመም» ይላል። በሰፈሩ ከአባባ ሌላ ልብስ ሰፊ ነበር እንዴ?

የልጅሽ አማቾች ቢያዩትስ? ሙሽራው እንደሆነ ስልኩን አቅፎ ነው የሚተኛው።

ስለ እኛ የተጻፈችውን መስመር ላጥፋ ብዬ አለቃዬን ለመንኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን አያችሁ ወይ የሚል ሰው ነው፤ ልቡ ግን ደግ ነው። ሳይለቀቅ መስመሯን ማጥፋት እንደምችል፣ ከወጣች ወዲያ ግን መመለሻ እንደሌላት ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያክም ሰው የትም ሆኖ ቤተሰባችንን ቢፈልግ የሚያገኘው በእሷ ብቻ ነው አለኝ።

ላጠፋት ጣቴን አስቀምጬ ተውኩት። እትዬ፣ ፈርቻለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሲመሻሽ ደረጃው አይታየኝም። የቢሮውን ወንበር ደጋግሜ እገጫለሁ። ባልደረቦቼ ፍቅር ይዟታል እያሉ ይስቁብኛል፤ አብሬያቸው እስቃለሁ። አባባንም የጀመረው እንዲሁ ነበር።

መልስሽ እስኪደርሰኝ አለቃዬ ይታገሠኛል። አጥፊያት ካልሽኝ አጠፋታለሁ፤ አልቀየምሽም።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አደራ እንዳትነግሪው። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ለሠርጉ ገና ከአሁኑ ጭፈራ ይለማመድ። ልጅሽን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ደግሞ እባክሽ፣ ሲመሻሽ ከደጅ ስትገባ ደረጃውን እንዴት እንደምትወጣ፣ ሳታውቅብሽ እይልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከመሥሪያ ቤቴ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
የካቲት 12 ቀን፣ ገና ሳይመሽ