አናት ላይ የደረሰችው ሎሚ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ዛሬም የብረት ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ዛሬም ፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ በመዳፌ መታሁት። ወይ ፍንክች! ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲኮደሩን አቃጥሎታል ይላሉ። ክፍሉ በሙሉ ጀርባዬን ያያል። ከኋላ ወንበር ቶሎሳ፣ ያ ረጅሙ ቀልደኛ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ መንግሥተ ሰማያት ተዘጋች እንዴ አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ልቆጣ ብዬ እኔም አመለጠኝ።

ማስታወሻዬ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ እኔ ነኝ። ያወጡልኝ ስም ነው፤ ቁልፍ ያዥ ለማለት። የፊዚክስ መምህር ተብዬ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ፤ ሥራዬ ግን የፕላዝማውን ቁልፍ ይዞ መዞር። እከፍታለሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል፤ ልጆቹ ግማሹን ይይዛሉ፣ ግማሹ ያመልጣቸዋል፣ እሱ ማንንም አይጠብቅም። ሲጨርስ እዘጋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዳይሬክተሯ ቢሮ ጠሩኝ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፣ ጠጋኝ እስኪመጣ መካኒክስን አንተው ከልስላቸው አሉኝ። እንቅስቃሴ፣ የኒውተን ሕጎች፣ ሞመንተም። እሺ አልኩ። እኔ እኮ ሙሉ ክ/ጊዜ አስተምሬ አላውቅም!

ቤት ገብቼ ለእቴቴ ነገርኳት። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ምክር የምሰማው ከእሷ፣ መከራዬን የምነግረውም ለእሷ። ከንፈሯን መጠጠች። ተክለ ሃይማኖት ጋ የቧንቧ ዕቃ የሚነግድ ወዳጇ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ከግንቦት ልደታ ማግስት መልስ ስጡኝ ብሏታል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፣ ትለኛለች፤ የሰው ሥራ ደርበው ሲጭኑህ እሺ፣ እሺ! እውነቷን ነው። ልቤም ወደ ነጋዴው ነው። ሳጥን ለመክፈትና ለመዝጋት አይደለም ዩኒቨርሲቲ የገባሁት።

ማክሰኞ፣ 26

ጠመኔ ያዝኩ። ኢነርሺያ። መጽሐፉ ያለውን እንዳለ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ምንም የለም። ግድግዳ።

ተውኩት። አጠፋሁት። ወንበሮቹን ደርድረን ታክሲ ሠራን። ቶሎሳ ረዳት ሆኖ አብነት፣ አብነት፣ ሁለት ሰው፣ ጠጋ በሉ እያለ ጮኸ። ሹፌሩ እኔ። ፍሬን! ስል ሁሉም ወደ ፊት ተደፉ፣ አንዷ ጫማዋ ወለቀ። ማን ገፋችሁ አልኳቸው። ማንም። ታዲያ ለምን ተደፋችሁ? ከዚያ ሜሮን፣ የፊት ወንበሯ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቀው ቀጭን ልጅ፣ የቆመው ታክሲው ነው፣ እኛ ገና እየሄድን ነበር አለች።

እየሄድን ነበር! ልስማት ምንም አልቀረኝ። ከጎን ክፍል ያለው መምህር ጩኸት በዛ ብሎ በር አንኳኳ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ጥርሴ ግን አልከደን አለኝ። ቤት ድረስ በእግሬ መጣሁ፤ ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ መሳፈሩን ረስቼው ነው።

ረቡዕ፣ 27

የአርበኞች ቀን በዓል። ት/ቤት ዝግ። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ቀኑ አልመሽ አለኝ። እቴቴ ምነው ተቁነጠነጥክ አለችኝ። ምንም አልኳት። የነገውን ሦስቴ አዘጋጀሁ። ከጓዳ ሎሚ ሰርቄያለሁ፤ እንዳትነግርብኝ።

ሐሙስ፣ 28፤ ከት/ቤት መልስ

ንጉሥ ሆኛለሁ! ሎሚዋን ወደ ላይ ወረወርኩ፣ ያዝኩ፣ ወረወርኩ። ስትወጣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ስትወርድ ይጨምራል። አናቱ ላይስ ስትደርስ? ለቅጽበት ቆመች፣ ፍጥነት ዜሮ። አክስለሬሽንስ፣ የፍጥነቷ ለውጥ? ቆማ የለ፣ እሱም ዜሮ! አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ትልልቅ ዜሮ፣ ከሥር መስመር። ቶሎሳ አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተሉት። ዓይኖቻቸው በርተው ሳይ ሆዴ ሁሉ ሞቀ።

ሜሮን እጇን አወጣች። ፕላዝማው ያኔ ሌላ ነበር ያለው፣ አስር ብሎ ነበር፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ደብተሯን ገለጠች፣ በእርሳስ የጻፈችውን የድሮውን መልስ በላጲስ አጠፋች፣ የእኔን ጻፈች።

የነጋዴው ነገር ትዝም አላለኝ ዛሬ።

ሐሙስ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ጉድ ሆኛለሁ።

እቴቴ ግቢው ውስጥ ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ስንዴ ታበጥራለች። ሰፌዱን ብድግ ታደርገዋለች፣ ስንዴው ይነሣል፣ አየር ላይ ቆም ይላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ዝም ብዬ አያለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ብድግ፣ ቆም፣ ውርድ። ድንገት ሎሚዋ ትዝ አለችኝ። ቆም ሲል አክስለሬሽኑ ዜሮ ከሆነ ምን አወረደው? ፍጥነትም ዜሮ፣ አክስለሬሽንም ዜሮ ከሆነ እኮ ስንዴው እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል! መሬት አናቱ ላይም መሳቧን አላቆመችም። አስር ነው። ከታችም፣ ከላይም፣ መካከልም አስር ነው። ፕላዝማው ልክ ነበር። ሜሮን ልክ ነበረች።

አይ እኔ! አራት ዓመት ተማርኩ ብዬ የሰፌድ ስንዴ አስተማረኝ።

እቴቴ ምን ሆንክ፣ ፊትህ ጠቆረ አለች። ነገርኳት። ሳቀችብኝ፣ ደግሞ አዘነችልኝ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? አንድ መልስ ናት። ነጋዴው ጋ ከሄድኩ ደግሞ ጭራሽ አያገኙኝም። ግን ያቺ ላጲስ። ሰው ስለነገራት ልኩን አጥፍታ ስሕተቱን ጻፈች እኮ። ያ ጥያቄ ፈተና ላይ ቢመጣ የእኔን ዜሮ ልትሞላ ነው።

አርብ፣ 29

ነገርኳቸው። ሰላምታ ሳልሰጥ፣ በሩን ሳልዘጋ፣ ትናንት ተሳስቻለሁ አልኩ። ሁለቱን ዜሮዎች ጻፍኩ፣ አንዷን ሰረዝኩ፣ ስለ ሰፌዱ አወራኋቸው። እዚህ ት/ቤት መምህር ተሳሳትኩ ሲል የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። የእግሬን ጫማ አያለሁ።

ቶሎሳ እጁን አወጣ። አበቃልኝ፣ አሁን ሌላ ስም ሊያወጣልኝ ነው አልኩ። ፕላዝማው ተሳስቶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይመስለኝም አልኩት። እሱ ቢሳሳት ግን ማግስቱን መጥቶ አይነግረንም አለኝ። ሳይቀልድ!

ሲወጡ ሜሮንን አስቀረኋት። ልክ እንደነበርሽ እያወቅሽ ለምን አጠፋሽው አልኳት። ጫማዋን እያየች፣ «ቲቸር ስላሉ» አለችኝ። ከዚያ ላጲሷን አውጥታ የእኔን ዜሮ በጥንቃቄ አጠፋች። አንጀቴን በላችው።

እሑድ፣ ግንቦት 1

ልደታ! ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ነጭ በነጭ። የእኛ ሰፈር ሰው እንደ ልማዱ ደጅ ተሰብስቦ ንፍሮውን ጥዶ፣ አዛውንቱ መርቀው፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይዘግናል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አምስት ስድስት ልጆቼ መጡ። «ልጆቼ» ብዬ ጻፍኩ፤ ይሁን፣ አልሰርዘውም። እቴቴ እጃቸውን እየሞላች ሰጠቻቸው። ሜሮንን ሳህን ይዛ ተከተለቻት፣ ይቺ ልጅ አጥንት ብቻ ናት እያለች። ቶሎሳ አንድ ሽምብራ ወደ ላይ ወርውሮ አናቱ ላይ ስንት ነው አለ፤ ሁሉም አስር! ብለው ጮኹ፤ በአፉ ቀለበው። አዛውንቱ ምን ዓይነት ጸሎት ነው ብለው ዞር አሉ።

ነገ ለነጋዴው መልስ መስጠት አለብኝ። ጨንቆኛል።

ሰኞ፣ ግንቦት 2

ጠጋኙ መጣ። አዲስ ዲኮደር፣ ጥርት ያለ ሥዕል። ዳይሬክተሯ ደስ ብሏቸዋል፤ ከነገ ጀምሮ ወደ ፕላዝማ፣ አንተም ታርፋለህ አሉኝ። ልጆቹም ሲጠገን በመስኮት አይተዋል።

ይኸው፣ መልሱ መጣ። እኔ ስሳሳት አይቻለሁ፣ እሱ አይሳሳትም። እነሱ የሚፈተኑት ፈተና ነው፣ የእኔ ሆድ መሞቅ አይደለም። ለእቴቴ እሺ በዪልኝ፣ ሐሙስ ሥራ እጀምራለሁ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እህ አለችና እራት ማቅረብ ጀመረች። እራት አልበላሁም። አኩርፌያለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 3

አሁኑኑ ልጻፈው፣ ሳይበርድ።

ክፍል ገባሁ። ቁልፌን አወጣሁ፣ ወደ ሳጥኑ ቀዳዳ ሰደድኩት። አልገባም። ገፋሁት። አልገባም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የክብሪት እንጨት ተሰባብሮ ቀዳዳው ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጠቅጥቋል።

ዞር አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ጣሪያ ያያል። ቶሎሳ! አልኩ በሆዴ፣ ሌላ ማን ሊሆን። አፈጠጥኩበት። እሱ ግን ተገርሞ ወደ ፊት ወንበር ያያል። ዓይኑን ተከተልኩ። ሜሮን ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። ከእስክሪብቶ መያዣዋ የክብሪት ቀፎ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፍ ይዞ ደጅ ቀረ፣ ማስታወሻዬ። ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ቀኑን ጻፍኩ፣ ዓይኔን እንዳያዩት ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል። ከዚያ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ። ሁለቱን በትከሻ አጋፋኋቸው፣ ማን ገፋ፣ ማን ተገፋ፣ ተከራከሩ። በመካከል ማንም ሰው ሰዓቱን አላየም።

ዳይሬክተሯ ጋ ሄጄ የሳጥኑ ቁልፍ ተበላሽቷል አልኩ። ማን አበላሸው አሉ። እርጅና ይሆናል አልኩ። ከመነጽራቸው በላይ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ቁልፍ ሠሪ ከፈተናው በኋላ ይጠራል፣ እስከዚያ ጠመኔ ከስቶር ውሰድ አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

አልሄድም። ጨረስኩ። ዓመት ቢሆን፣ ሁለት ቢሆን አላውቅም፣ ሐሙስ ግን ተክለ ሃይማኖት አይደለሁም፤ ሐሙስ ሞመንተም ነው።

ለእቴቴ ነገርኳት። ቁጣዋን ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። ያቺ አጥንት ብቻ የሆነችው ልጅ እዚያ ክፍል ናት ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ለሰውዬው እኔ እነግረዋለሁ አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ለሐሙስ ሁለት ብርቱካን ያስፈልገኛል፣ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ፣ የሚጋጩ። ጮክ ብዬ ጠየቅኳት። ከጓዳ ሆና ብርቱካን የለም፣ ድንች ይሆንልሃል ወይ ትላለች። እንዴታ! ደግሞ ይኸው ይዛ መጣች፣ መርጣ፣ አጥባ፣ የቱ ነው የቱን የሚመታው እያለች።