ሕፃኑን ከፀሐይ አስገቢው

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ከወሊድ በኋላ ያስቸገረሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ጡትሽስ ለልጁ ይበቃዋል? ባለቤትሽ፣ አማታችን እማማ፣ ቤቱም ደጁም ሁሉ ደኅና ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና ዐይኑን ያላየሁት ልጅሽ እንዴት ሆነ? እኛ ለክፉ አንሰጥም። ባለቤቴ ከመስታወት ሥራው፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር እንደ ወትሮው እንታገላለን። ልጃችንም ትስቃለች፣ ትጣላለች፣ ትበላለች። ይህን ያስቀደምኩት ልብሽ ቶሎ እንዳይደነግጥ ነው እንጂ የምጽፍልሽ ነገር ቀላል አይደለም።

እህቴ፣ የሚቀጥለውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሕፃኑ ደጅ ከሆነ አሁኑኑ ተነሺና አስገቢው። መስኮት ሥር ተኝቶ ከሆነም አልጋውን ወደ ጥጉ ሳቢው። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ፤ ደብዳቤው የትም አይሄድብሽም።

ያን ዕለት ማምሻውን ስደውልልሽ ድምፄ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ሳልነግርሽ ነው ስልኩ የተዘጋው። አንቺ በደስታ፣ ጠዋት ጠዋት ልብሱን አውልቄ ፀሐይ አሞቀዋለሁ፣ ጉንጩ ግን እንደ ፍም ይቀላል፣ አንዳንዴም ውኃ ይቋጥራል፣ ብርሃን ሲያይ ዐይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል ስትይኝ፣ "አስገቢው! ፀሐይ አታሳዪው!" ብዬ ጮህኩ። ለካ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገሽው ኖሮ እማማ ሰምተዋል። ከእጅሽ ወስደው ያሉኝን አንቺም ሰምተሻል፦ "የእኔ ዘር ፀሐይ የሚፈራ የሌሊት ወፍ አይደለም። የልጅሽን በሽታ በዚህኛው የልጄ ልጅ ላይ አታሟርቺ!" ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል የሚያነሳ የለም። ስልኩን እሳቸው ደብቀውት ይሁን አንቺም ተቀይመሽኝ፣ አላውቅም። ጎረቤታችን የከባድ መኪና ሾፌር ወደ እናንተ የሚሄድ ጭነት አግኝቷል። መኪናው እስኪጫን ድረስ ነው ይህን የምጽፈው። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

ስለ ልጃችን እውነቱን ሁሉ ነግረንሽ አናውቅም። "ቆዳዋ ይቆጣል" እያልን ነበር የምናልፈው፤ እኛም ከዚያ በላይ አናውቅም ነበርና። በልጅሽ ዕድሜ ሳለች ልክ እንደ እሱ ነበረች። ጥቂት ፀሐይ ከነካት ፊቷ ይቃጠላል። ገና ሳትራመድ አፍንጫዋና ጉንጯ በጠቃጠቆ ተሞላ። የቁንጅና ምልክት ነው ያለኝ አለ፣ ቅባት አብዝተሽባት ነው ያለኝም አለ። የሠፈራችን ሐኪም ቅባት እየቀያየረ ሰጠን። ዘንድሮ ከአፍንጫዋ አጠገብ አንዲት ምስር የምታህል እብጠት ወጣች። ትጠፋለች ስል አደገች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሐረቧ ደም ነክቶታል። "እማ፣ ሳልነካት ነው የደማችው" አለችኝ፣ የምቆጣት መስሏት።

ቀዶ ሐኪሙ እብጠቷን ቆርጦ አወጣና ለምርመራ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ የኖርነውን ኑሮ ጠላትም አይኑረው። የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ፣ ሴትዮዋ ለብሳው መስታወት ፊት እስክትቆም አላየሁትም። ባለቤቴ ደግሞ ታውቂው የለ፣ ሲጨንቀው አፉ ይታሰራል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲጋራ በሲጋራ ላይ ይለኩሳል።

ለውጤቱ የተጠራነው በዘር የሚተላለፉ ሕመሞችን ወደምትመረምር ሐኪም ነበር። ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ከልጃችን ጋር ስንገባ፣ ገና ሰላም ሳትለን፣ ተነሥታ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋች።

እብጠቷ ካንሰር ነበረች። እንዳትጮኺ፣ አንብቢ። ዳር ዳሩ ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል፣ ሥር አልሰደደችም ብላናለች። ነገር ግን ልጅቷን ከፀሐይ ካልጠበቃችኋት ሌላ መውጣቱ አይቀርም አለች። ለምን እንደሆነም እስኪገባን ድረስ አስረዳችን። አንቺም እንዲገባሽ እፈልጋለሁ፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና።

በእያንዳንዷ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል በጣም ረጅም ቀጭን ክር አለ። በአራት ዓይነት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ሰውነት ያንን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል፤ የቆዳችን ቀለም፣ የጠጉራችን ዓይነት፣ የቁስላችን መዳን ሁሉ የእነዚያ ፕሮቲኖች ሥራ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያበላሹ ነገሮች ደግሞ አሉ። የሲጋራ ጭስ አንዱ ነው፣ አንዳንድ ኬሚካልም እንዲሁ። የፀሐይ ጨረርም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላትን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ሕዋሷ ለመባዛት ጽሑፉን ስትገለብጥ እዚያ ቦታ ላይ ትደናቀፍና ያልነበረ ፊደል ታስገባለች። ብዙውን ጊዜ ከዚህ ምንም አይመጣም። አንዳንዴ ግን በአንድ ፊደል ስሕተት ትእዛዙ ይለወጣል፣ ፕሮቲኑም ቅርጹን ስቶ ሥራውን ይተዋል። ስሕተቱ የወደቀው "መባዛት ይብቃሽ" የሚለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ትእዛዝ ላይ ከሆነ ሕዋሷ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ትጋልባለች። የልጃችን እብጠት የመጣችው ከዚህ ነው።

ባለቤቴ "ታዲያ ፀሐዩ ሁላችንንም አይደል የሚያገኘን? ሁላችን ለምን አልታመምንም?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሟም፣ የእኛም ዲኤንኤ በየቀኑ እንደሚጎዳ፣ ነገር ግን የተጣበቀውን ፈልገው፣ ቆርጠው አውጥተው በትክክል የሚተኩ ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳሉን ነገረችው። የልጃችን ጠጋኝ አይሠራም። በእኔ ሙያ ብነግርሽ፣ የሁላችንም ልብስ ይቀደዳል፣ የእሷ ግን የሚጥፍላት ሰው የለም። ጠጋኙ የሚሠራበት ትእዛዝ ከአባቷም ከእኔም ስሕተት ሆኖ ነው የደረሳት። እኛ ጤነኞች የሆንነው እያንዳንዳችን አንድ የተበላሸና አንድ ደኅና ትእዛዝ ስላለን ነው፤ አንዱ ደኅና ከሆነ ይበቃል። እሷ ከሁለታችንም የተበላሸው ደረሳት።

ይህን ስትል ባለቤቴና እኔ ተያየን። "ወንድሜ የእሷን እህት ነው ያገባው" አላት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ልጅ አላቸው?" አለች። አራስ መሆንሽን ስነግራት "ዛሬውኑ ደውሉላቸው፤ እነሱም ይህንኑ የተበላሸ ትእዛዝ ይዘው ሊሆን ይችላል" አለችን። በቤተሰባችን ከዚህ በፊት እንዲህ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀችን። እኔ የለም አልኩ። ባለቤቴ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

እማማ ስልኩን ከዘጉብን በኋላ ነው አፉ የተፈታው። እሱና ባለቤትሽ ታላቅ እህት ነበረቻቸው። ባለቤትሽ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተች አያስታውሳት ይሆናል፤ የእኔው ግን ያስታውሳል። ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላ፣ ሁልጊዜ ከበር ኋላ ተቀምጣ የምትጫወት ልጅ ነበረች። አፍንጫዋ ላይ ቁስል ወጥቶ አልድን አለ። ምች ነው ተባለ፣ ዐይን ነው ተባለ። "እማማ ጠዋት ጠዋት ታቅፈዋት ይወጡና፣ ልጄን ፀሐይ ያበርታልኝ እያሉ ደጅ ያስቀምጧት ነበር። እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ይዘፍኑላታል" አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረው አልተሰማኝም፤ ልቅሶ ቀደመው።

እህቴ፣ ያኔ ነው የእማማ ቁጣ የገባኝ። ክፋት አይደለም። እኔ ያልኩት እውነት ከሆነ፣ እሳቸው ልጃቸውን እያዳንኩ ነው ብለው ምን ሲያደርጉ እንደኖሩ አስቢው። ማን ይህን ሰምቶ ይችላል? እኔም ብሆን ስልኩን እወረውረው ነበር። ስለዚህ አትጣያቸው። ግን ልጁን ደግሞ ለማንም ይሉኝታ ብለሽ ፀሐይ ላይ አታውጪው። የመጣው ይምጣ።

ምናልባት ልጅሽ ምንም የለበትም። ሐኪሟ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል ብላለች፤ ያለ ምርመራ ማንም አያውቅም። ነገር ግን እስኪታወቅ ድረስ እንዳለበት አድርገሽ ያዢው። መጋረጃው ወፍራም ይሁን። ደመና ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ጨረሩ ደመና ያልፋል። ለአጥንቱ ፀሐይ ያስፈልገዋል የሚሉሽ ካሉ፣ በአፍ የሚሰጥ የቫይታሚን ጠብታ ስላለ ሐኪም ይዘዝልሽ። ባለቤትሽም ቤት ውስጥ ሲጋራ አያጭስ፤ የእኔው ፓኮውን ከነክብሪቱ ጥሏል፣ አሁን ማስቲካ እያኘከ ያበሳጨኛል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰጂውና የቆዳ ሐኪሙን "ዲኤንኤውን የሚጠግነው ፕሮቲን መሥራቱ ይመርመርልኝ፣ የእህቴ ልጅ አለባት" በዪው። ቅባት ብቻ ሰጥቶ ሊሸኝሽ ቢል ከወንበሩ እንዳትነሺ።

እንዴት እንኖራለን ብለሽ እንዳትፈሪ። ባለቤቴ መስኮታችንን ሁሉ ጨረር በሚያግድ ፊልም ለብጦታል፣ የክፍሏንም መስኮት አስተማሪዋ ፈቅዳለት እንዲሁ። እኔም ፊቷን የሚሸፍን ግልጽ ፕላስቲክ ያለው ባርኔጣ ሰፋሁላት። የፎቁ ልጆች "ሙሽሪት" ብለው ስም አወጡላት። ትበሳጫለች ብዬ ስሰጋ፣ "ሙሽራው ነው የዘገየው" ብላ መለሰችላቸው አሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባርኔጣውን ወርውራ ግቢውን ታምሰዋለች። በየጊዜው ቆዳዋን እናስመረምራለን፤ በሄድን ቁጥር ልቤ እንደተሰቀለ ነው። ግን እንመለሳለን።

ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነውና ልጨርስ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ወንድምህም እጅግ አድርጎ ይስምሃል፣ ልጁን ይዘህ ሂድ፣ ሥራ ይደርሳል ብሎሃል በዪው። በግድግዳ ለምትዋሰኗት ለአዋላጇ፣ እኔ ከሄድኩ ወዲህ እንደ እህት ስላየችሽ ምስጋናዬ ይድረሳት። ልጅሽን በሁለቱም ጉንጩ፣ የቀላውን በቀስታ፣ ሳሚልኝ።

ይህን የመጨረሻውን ደግሞ ለእማማ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።

እማማ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? በድፍረት ጮኼብዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ብቻዬን ተመልሼ ስለ እርስዎና ስለ ልጅዎ ነገርኳት። "በዚያን ዘመን እኔም እዚያ ብኖር ፀሐይ አሙቋት ነበር የምላቸው" አለችኝ። የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ እማማ። ያደረጉት እናት ሁሉ የምታደርገውን ነው። አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሕፃኑን ወደ ሐኪም ሲወስዱት፣ በጋቢ ጠቅልለው እርስዎ ራስዎ ይታቀፉት። ሐኪሙ ሕመሙ ሲጀምር ምን እንደሚመስል ሲጠይቅ፣ እህቴ አታውቅም፣ አባቱም አያስታውስም። ስለ ልጅዎ ይንገሩት። ስሟንም ጭምር።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ከመስታወት ቤቱ በላይ ካለው ክፍላችን፣
ግንቦት 9 ቀን