ሰ ባርኔጣ ሲደፋ

ውድ ጋሼ፣

በርዎን አንኳኩቼ አንኳኩቼ ሲያቅተኝ ነው ወረቀት ያነሣሁት። የእህትዎ ልጅ በጠራራ ፀሐይ «ተኝተዋል» ትለኛለች። እርስዎ ቀን ተኝተው አያውቁም፤ ፊቴን ማየት ስላልፈለጉ ነው። እውነትዎን ነው፤ እኔም መስታወት ፊት መቆም አስጠልቶኛል።

ጓሮዎን ቆርሰው «ለሰፈሩ ልጆች የንባብ ቤት ይሁን» ሲሉ ሰው ምን ይል እንደነበር ያውቃሉ። «በነጻ? ውስጥ ውስጡን ሸጠውት ነው እንጂ!» ፀጉር አስተካካዩማ የደንበኛውን ጢም በሳሙና ለቅልቆ፣ ሳሙናው እስኪደርቅ ድረስ ይኼንኑ ሲተነትን ነበር የሚውለው። እርስዎ አንድም ቀን አልመለሱለትም። የበሩን ሰሌዳ ሲያዙኝም «ስሜን እንዳትጽፍ፤ ሰፈሩ ያለውን ጻፍ» ብቻ አሉኝ። ሰፈሩ የመረጠው ደግሞ «ሰጡን፤ እናነባለን» የሚለውን ነበር።

ሁለት ቃል መጻፍ ለእኔ ምን አላት! ግን ባለሙያ ነኛ! በድሮ የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚጠላለፈውን ሐረግ እንዴት እንደምወድ ያውቃሉ። ኮምፒውተር ላይም ፊደል ሳጣምምና ሳወላግድ ነው የምውለው። እንግዲህ የዕድሜ ልክ ጥበቤን ሁሉ በዚያች በመጀመሪያዋ ሰ ላይ ልጨርስ ተነሣሁ። ከጓደኞቿ አስበልጬ ከእንጨቱ ቀረጽኳት፣ ቅጠልና አበባ አለበስኳት፤ በመጨረሻም ድርብ ሐረግ ጠልፌ ከራሷ ላይ ጫንኩባት፤ ያውም በወርቅ ቀለም።

ባለቤቴ ለምሳ ልትጠራኝ መጥታ ቆማ አየችው።

«ይኼ ሰ ነው ወይስ ሸ?»

«አንቺ ደግሞ ስለ ጌጥ ምን ታውቂያለሽ!»

«ስለ ጌጥ አላውቅም፤ ማንበብ ግን አውቃለሁ» ብላኝ ሄደች። እኔም ቫርኒሹን ቀባሁ።

በምረቃው ቀን ጨርቁ ሲገፈፍ ጮክ ብሎ ያነበበው፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ፀጉር አስተካካዩ ነው። «ሸጡን፤ እናነባለን!» ጉድ ፈላ። ልጆቹ ሳቁ፤ እናቶቻቸው አፋቸውን ያዙ። «አላልኳችሁም? ሰሌዳው ራሱ መሰከረ!» አለ ሰውዬው። እርስዎ ሰሌዳውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን። ያን ጊዜ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብል ኖሮ ሁሉም ስቆ ይለያይ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ሰ ነው! የብራና አጻጻፍ ነው፤ ያልገባው ፊደል ይቁጠር!» ብዬ ደነፋሁ።

ፊደል ይቁጠር! ፊደል ባስቆጠሩኝ ሰው ፊት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እርስዎ ቁልፉን ኪስዎ ከተው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ የንባብ ቤቱ አልተከፈተም። ልጆቹ በመስኮት መጻሕፍቱን እያዩ ይመለሳሉ።

«እጄ ሐሜቱን አምኖ ይሆን?» ብዬ ራሴን መርምሬያለሁ። አይደለም። የባሰ ነው፦ ያን ሁሉ ቀን ስቀርጽ እርስዎን አንዴም አላሰብኩም። ያሰብኩት ሰዎች «የማን እጅ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ነው።

ደግሞ የሚያቃጥለኝ፣ እዚያው ጓሮ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ያስተማሩኝን መርሳቴ ነው። ሰ እና ሸ እየተምታታብኝ ሳስቸግርዎ ባርኔጣዎን ደፍተው «ሸ!»፣ አውልቀው «ሰ!» ይሉ ነበር። «ሰ ባርኔጣ ከደፋ ሸ ነው። ሰላም ማለት ሲፈልግ ግን ያወልቃል፤ ሸላም ብሎ ሰላምታ የለም» ሲሉን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ያንን ባርኔጣ ነው እኔ ሽበቴን ይዤ፣ ወርቅ ቀብቼ መልሼ የደፋሁባት።

ዛሬ ጠዋት መሰላል አቁሜ ሐረጉን በመሮ አነሣሁት። ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ «ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ። «ተሳስቼ ነበር! ሰጡን ነው የሚለው፤ ሰጥተውናል!» አልኩት፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮኼ።

«ታዲያ ያን ቀን አንደበትህን ምን ያዘው?» አለኝ። መሮዬን ይዤ ከመሰላሉ ወረድኩ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምር ወደ ሥራው ገባ።

ከሰ ራስ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ቀለም ልቀባው አልኩና ተውኩት፤ የሚጠይቅ ይጠይቀኝ። ሰሌዳው ይውረድ ካሉም አወርደዋለሁ። ብቻ መጥተው በሩን ይክፈቱ። እኔን ማየት ከከበደዎ በዚያ በኩል አላልፍም፤ ልጆቹን ግን በእኔ ጥፋት አይቅጧቸው።

ይኼን ወረቀት በበርዎ ሥር አስገብቼ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። መጋረጃውን ገለጥ ካደረጉ ያዩኛል። ባርኔጣዬን አውልቄአለሁ፣ ጋሼ፤ ሰላም ልልዎ ነው የመጣሁት።

ያለ ጌጥ፣
ተማሪዎ