የአባትሽ ጫማና እምቢ ያለው ምድጃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የልጅሽ ሳል ተሻላት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እጄ ለመጻፍ ሰነፍ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይያያዛል። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም።

መጀመሪያ ስለ ምድጃው። የላክሽልኝ ምድጃ ምንም አልሆነም። "አታለውሽ ነው፣ ቆርቆሮ ነው የሸጡልሽ" ያልኩሽን ተይው። በእኔ ወሬ ከሻጮቹ ጋር እስከ መጣላት ደርሰሻል። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ብትስቂብኝም ይገባኛል።

አባትሽ ያረፈ ሰሞን ጎረቤት እያበሰለ ስለሚያመጣልኝ ምድጃውን የነካው አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲበተን ሻይ ላፍላ ብዬ ክብሪት ብጭር እምቢ አለ። ጓሮ ያለውን ሲሊንደር ባነሣው ከባድ ነው፣ ጋዙ አላለቀም። ስለዚህ ለጋዝ ድርጅቱ የጥገና ክፍል ደወልኩ።

መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ላኩልኝ። ምድጃውን ፈታ፣ ጠረገ፣ እንደገና ገጠመ። የሲሊንደሩን ራስ በሌላ ቀየረው። አልበራም። ከዚያ በትሕትና ጠየቀኝ፤ "እማማ፣ ከጓሮ በሚመጣው ቧንቧ ላይ ሌላ መዝጊያ ይኖር ይሆን? ይህን ቁምሳጥን ላንቀሳቅሰውና ልየው።"

ቁምሳጥኑን ታውቂዋለሽ፣ ድስቶቹ ያሉበት ነው። አጠገቡ የአባትሽ የሥራ ጫማ በመጨረሻዋ ማታ እንዳወለቀው አለ። ያን ጫማ እንዳልነካው ብዬ ወለሉን እንኳ ዙሪያውን ነው የምጠርገው። "ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት። ዕቃውን ሰበሰበ።

እሱ ከሄደ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። አሮጌውን የሲሊንደር ራስ ይዞት ሄዷል። ደህናውን ነቅሎ የማይሠራ ገጠመብኝ አልኩ። በማግስቱ ሌላ መሣሪያ ይዞ ሲመለስ በር ላይ አስቆምኩት። ጎረቤት እየሰማ ሌባ አልኩት። እሱም አልበቃኝ ብሎ ቢሯቸው ሄጄ፣ አሁን በምጽፍልሽ በዚህ እጄ፣ ሌባ ነው ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። የዕቃ ቦርሳውን ተቀብለው እሱን ወደ መጋዘን ሥራ አዛወሩት።

ከእሱ ቀጥሎ የላኩልኝ ሴት ናት። ብዙ አልጠየቀችኝም። ጫማውን አይታ የማን እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገርኳት። "እንግዲያው እርስዎ ያንሡት፤ እኔ ቁምሳጥኑን ብቻ እስባለሁ" አለችኝ። አነሣሁት። ቁምሳጥኑ ሲሳብ ከጀርባው ቧንቧው፣ ቧንቧው ላይ ቀይ እጀታ ያለው መዝጊያ። ተዘግቷል።

"ማን ዘጋው?" አለች ወደ እኔ ዞራ።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። አምና ጋዙን እንደከፈትኩት ገበያ መሄዴን አልነገርንሽም። የደረሰበት አባትሽ ነበር። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። በሳምንቱ ግድግዳው እርጥበት ይዟል ብሎ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ሲቀጠቅጥ ዋለ፤ ለካ መዝጊያውን ሲገጥም ነው። ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ የጨረሰ ሰው፣ ማን ይጠረጥረዋል? ጫማውን ወጥ ቤት ማስቀመጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ማታ ሲያስቀምጠው ጎንበስ ብሎ እጁን ከጀርባ ሰዶ መዝጋት፣ ጠዋት ሲያነሣው ጎንበስ ብሎ መክፈት። እኔ ደግሞ "ጫማና ድስት አንድ ላይ የሚያኖር አንተን ብቻ አየሁ" እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ። "እርጅና ነው፣ ቻይኝ" ይለኝ ነበር። የእኔን እርጅና በራሱ ላይ አላከከው። የመጨረሻዋን ማታም ዘግቶት ተኛ፤ ጠዋት የሚከፍተው አልተነሣም።

እሱ ጉዴን እንዲህ ሸፍኖልኝ ሲኖር፣ እኔ የሰው ስም አደባባይ ላይ አሰጣሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው ቢሯቸው ሄድኩ። አለቃው እንዳስብበት እንኳ አልፈለገም፤ ይርሱት እማማ፣ እናስተካክለዋለን አለኝ። ሌባ ያልኩት ሰው ራሱ ይጠራልኝ ብዬ ቆምኩ። ከመጋዘን ሲመጣ ስለ መዝጊያውም ስለ ጫማውም ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። አንዱ ከጥግ "በሉ እንግዲህ ጫማውን እሰሩት" ሲል ሳቁ። እሱ አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"ይቅር ብያለሁ፣ እናቴ" አለኝ። "ወደዚያ ሰፈር ግን ሌላ ሰው ይላክ። ያን ቀን ጎረቤትዎ ልጆቿን ጎትታ ያስገባችው እኔን አይታ ነው።"

ይህን ሰምቼ እንዴት ቤቴ ልግባ? በመንገዳችን ያለውን በር ሁሉ አንኳኳሁ። ሌባ ያልኩት ሰው ሌባ አይደለም፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እያልኩ። ልጆቿን ያስገባችው ጎረቤት "ኧረ እኛ ረስተነዋል" አለችኝ። እሱ ግን አልረሳውም። ቦርሳውን መልሰውለታል፤ በእኛ መንገድ ሲያልፍ ግን እስካሁን አላየሁትም።

ምድጃው አሁን ይበራል፣ ነበልባሉም ሰማያዊ ነው። ከሻጮቹ ጋር ታረቂ። ጫማውን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ማታ ማታ እንደ አባትሽ ጎንበስ ብዬ መዝጊያውን እዘጋለሁ። ግን ልጄ፣ ትናንት ጠዋት ልከፍተው ብሄድ ሳልዘጋው ክፍቱን አድሮ አገኘሁት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ማታ ስትደውዪ "እማ፣ ጫማውን አስቀመጥሽ?" በይኝ። ሌላ አትጨምሪ፣ እኔ ይገባኛል። አባትሽን እንደተቆጣሁት አልቆጣሽም።

የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይይሽ። ያሳደግሽው ይባረክልሽ። ስትጽፊልኝ የልጅሽን ነገር አትርሺ፤ ሳሉ ተሻላት ወይ?

የምትወድሽ
እናትሽ