ሁለተኛው ሜትር

ለማከብርሽ እትዬ፣

ቤቱ ሁሉ እንዴት ከረመ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

አሁን የድሮ የመሬት መንቀጥቀጥ ምልክት ፍለጋ የምንቆፍረው እንደ እናንተው ሰፈር ጸጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ «እዚህ መሬት ተንቀጥቅጦ አያውቅም» ይላሉ። የላይኛው አንድ ሜትር አፈርም ይመሰክርላቸዋል። ሁለተኛው ሜትር ላይ ግን የአሸዋው ንጣፍ ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሹ አንድ ክንድ ወርዶ አገኘነው፤ ድሮ መሬቱ ተንቀጥቅጦ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

ያንቺን የቤት ቦታ ስመረምር፣ «ምሳው ቀዘቀዘ» ስትዪኝ ቁፋሮውን አንድ ሜትር ላይ ትቼ መውጣቴ ትዝ አለኝ። እጄን ታጥቤ «መሬቱ አይነቃነቅም፣ ሥሪበት» አልኩሽ። አንቺም ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜ መርምሮልኛል» እያልሽ ትኮሪብኛለሽ።

ለማንኛውም የልጆቹን አልጋ ከድንጋዩ ግድግዳ አርቂልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ። አካፋ አዘጋጂልኝ፤ ምሳ ሲደርስ ግን አትጥሪኝ።

እስክንገናኝ ሁላችሁንም እግዜር ይጠብቅልኝ።

አንገቱን የደፋው ወንድምሽ